የጎደለው ስልሳ በመቶ

አበዛሽን ሌባ ያለ አፍ ይሰንጠቅ! ከሥሩ ጀምሬ፣ ረጋ ብዬ ልናገር ነበር ያሰብኩት፤ አልሆነልኝም። የእሷን ነገር ባነሳሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ንዴቴ ግን በአንድ ሰው ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለሁሉም የሚበቃ አለኝ፤ ለራሴም ጭምር።

ስሜ ቡርቱካን ነው። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የተወለድኩት እዚሁ የመን፣ ኤደን ከተማ ነው። አባቴ የመናዊ፣ እናቴ የድሬዳዋ ሰው ነበረች፣ አላህ ይርሐማቸው። አማርኛዬ የእናቴ ነው፤ ቁጣዬም የእሷው ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ መንሱራ ሰፈር ውስጥ፣ ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት ሖሽ፣ ግቢ ማለቴ ነው፣ አንዲት ክፍል ይዤ እኖራለሁ።

አበዛሽ ወደ ሖሻችን የመጣችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አንዲት ፌስታል አንጠልጥላ፣ በግራ እግሯ እያነከሰች ገባች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ፊቷ ግን የእኔ እኩያ አስመስሏታል። ወሎ ውስጥ፣ ሐይቅ አጠገብ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምራለች፤ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል። ጦርነቱ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ የወታደር ማደሪያ ሆነ። ዴስኩን ፈልጠው አነደዱት፤ ሰሌዳውንም ሰንጥቀው ጨመሩት። ዴስኩን ይቅር ብላለች፤ በሰሌዳው ግን እስከ ዛሬ ትናደዳለች። «ስንት እንጨት እያለ ሰሌዳ!» ትላለች። ደመወዝ ሲቋረጥ ሳዑዲ እገባለሁ ብላ ከጅቡቲ ወደብ፣ ከኦቦክ፣ በጀልባ ተሻገረች። ድንበሩ ላይ እግሯን በጥይት መቷት፤ ተመልሳ ኤደን ቀረች።

በመጣች በሦስተኛው ቀን ተጣላን። እዚህ ከተማ ውሃ በቧንቧ የሚመጣው ሲያሻው ነው፤ በሦስት ቀን አንዴ፣ በአራት ቀን አንዴ። ስለዚህ በየሖሹ ድራም አለ፤ እናንተ በርሜል የምትሉት። እንግሊዞቹ ድራም ብለው ጥለውልን ሄዱ፣ እኛም አልለወጥነውም። የድራም ሕግ ደግሞ አንድ ነው፦ ቀድቶ ጎዶሎ ትቶ መሄድ ነውር ነው። ቧንቧው እየፈሰሰ ከሆነ የቀዳ ሰው የቀዳውን ያህል ሞልቶ ይሄዳል። ኋላ የሚመጣው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ በሽተኛ ሊሆን ይችላል፣ ሬሳ የሚያጥብ ሊሆን ይችላል። አበዛሽ ታዲያ ቧንቧው እየተንፎለፎለ አንድ ባልዲ ቀዳችና ጎዶሎውን ትታ ገባች። ወጣሁና እናት አባቷን ሳላስቀር አወረድኩባት። «አስተማሪ ነኝ ትያለሽ፣ አንቺን ያስተማረሽ ሰው የለም?» አልኳት።

«እትዬ ቡርቱካን፣ አላወቅሁም። ሁለተኛ አይለመደኝም» አለችኝ።

አልለመዳትም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጣሳ ብትቀዳ እንኳ አንድ ጣሳ መልሳ ነው የምትሄደው።

ዝምተኛ እንዳትመስላችሁ። በቁጥር የመጣባት ጊዜ ሌላ ሰው ናት። የሰፈሩን ጄኔሬተር የሚያንቀሳቅሰው ሙንተሰር በቀን አራት ሰዓት መብራት ይሰጠን ነበር። ናፍጣ ጠፋ ብሎ ሃምሳ በመቶ ቀነሰና ሁለት ሰዓት አደረገው። ከወር በኋላ ደጃፋችን መጥቶ ቆመ። «አብሽሩ! የቀነስኩትን ሃምሳ በመቶ መልሼ ጨምሬያለሁ፤ እንደ ድሯችን ነን» አለ። ሖሹ በእልልታ ሊፈርስ! እኔም ጀዛከላህ ኸይር ብዬ መርቄዋለሁ፣ አፈር ልብላ።

አበዛሽ እጇ ላይ የልብስ ሳሙና አረፋ እንደያዘ ወጣች። «የምኑ?» አለችው።

«ምን የምኑ?»

«ሃምሳ በመቶው የምኑ? በመቶ ብቻውን ቁጥር አይደለም፤ የአንድ ነገር ነው። የቀነስከው የአራቱን ግማሽ ነው፤ የጨመርከው ግን የሁለቱን ግማሽ ነው። ሁለትና አንድ ሦስት! አራተኛዋን ሰዓት የት አደረስካት?» አረብኛዋ የሱቅና የመንገድ ነው፤ ሲናደዳት ግን ይበቃታል።

ሙንተሰር በጣቱ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። «እና ስንት በመቶ ልጨምር ነው የምትዪው?»

«መቶ በመቶ!»

«ሃምሳ ቀንሼ መቶ ልጨምር? ሴትዮዋ አብዳለች!» ብሎ ሄደ። በሳምንቱ ግን አራተኛዋ ሰዓት ተመለሰች፤ ሌሊት ተቀምጦ ሲያሰላ ሳያድር አልቀረም። ከዚያ ወዲህ የሖሹ ልጆች አበዛሽ ስታልፍ «የምኑ? የምኑ?» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷም አትቆጣም፤ «እሱን ካወቃችሁ ይበቃችኋል» ትላቸዋለች።

እኔን ማስተማር የጀመረችው በዚያው ሰሞን ነው። አራተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቋረጥኩት። በሃምሳ ምናምን ዓመቴ የምን አልጀብራ ነው ብዬ ነበር። «ሙንተሰርን ጀዛከላህ ኸይር ያሉት ዕለት ነው መማር የነበረብዎት» አለችኝ፤ እሺ ብዬ ቁጭ አልኩ። ከዐስር ሶላት በኋላ የካርቶን ጀርባ ላይ በከሰል ትጽፍልኛለች። «ኤክስ ማለት ስሙን ያልነገረን እንግዳ ነው። ስሙን ባናውቅም ቦታ እንሰጠዋለን። ሌሎቹን በየቦታቸው በትክክል ካስቀመጥናቸው፣ መጨረሻ ላይ ስሙን ራሱ ይናገራል።»

የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይህ ነበር፦ ከሖሹ ሴቶች አርባ በመቶዎቹ ባል የሞተባቸው ናቸው፤ እነሱም ስድስት ናቸው። ሴቶቹ በጠቅላላ ስንት ናቸው? ከስድስቱ አንዷ እኔው ነኝ። «የምኑ አርባ በመቶ?» ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። የሴቶቹ ሁሉ፤ የኤክስ። አርባ ለመቶ ተካፍሎ በኤክስ ሲባዛ ስድስት ይሆናል። ስድስትን በመቶ አባዛሁ፣ ለአርባ አካፈልኩ፤ አሥራ አምስት። አላመንኩም። ተነሥቼ በር ለበር እየዞርኩ ቆጠርኳቸው፤ ወላሂ አሥራ አምስት! እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ቀን የለም። ለካ ያስተማረችኝ ሁሉ ኋላ በራሴው ላይ ሊመጣብኝ ኖሯል።

አሁን ወደ ኢሳም ልምጣ። አሽ-ሸዕብ በሚባለው ሰፈር ለኮሌራ በሽተኞች ጊዜያዊ የድንኳን ማከሚያ ተከፍቶ፣ ሁለታችንም እዚያ በጽዳት ተቀጠርን። ኢሳም የጽዳቱ ኃላፊ ነበር። ወገቡ ላይ ቁልፍ ያንጠለጥላል፤ እሱን ከማቅጨልጨል በቀር ሌላ ሲሠራ አይቼው አላውቅም። እኛ ስንቀጠር የወለል ማጠቢያው ክሎሪን የሚበጠበጠው በእሱ ግምት ነበር፤ ለአንድ ድራም ሁለት ጣሳ ዱቄት። አበዛሽ የዱቄቱን ባልዲ አገላብጣ አየችና «የምኑ?» አለች፤ መቼም አትተወውም። ድራሙ መቶ ሊትር ይይዛል። ወለል ለማጠብ ዜሮ ነጥብ አምስት በመቶ ክሎሪን ያስፈልጋል፤ ለመቶ ሊትር አምስት መቶ ግራም መሆኑ ነው። ዱቄቱ ግን ሙሉ በሙሉ ክሎሪን አይደለም፤ ሰባ በመቶው ብቻ ነው። እና የኤክስ ሰባ በመቶ አምስት መቶ ከሆነ፣ ኤክስ ሰባት መቶ አሥራ አራት ግራም ነው። ካርቶን ላይ ጽፋ ለዶክተራ ኢብቲሳም አሳየቻት። ዶክተሯ አይታ «ከዛሬ ጀምሮ የምትበጠብጪው አንቺ ነሽ» አለቻት። ኢሳም በዚያ ቀን ነው ቂም የያዘባት። ወለል ጠራጊ ሐበሻ በሰው ፊት አረመችው፤ እንዴት ይወጣለት!

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ማለዳ አበዛሽ ዱቄቱን መዝና፣ ድራሙን እስከ መቶ ሊትሩ ምልክት ሞልታ፣ በእንጨት አማስላ፣ መከላከያ ልብሷን ለብሳ ወደ በሽተኞቹ ድንኳን ትገባለች። አንዴ ከገባች ሥራ እስኪያልቅ አትወጣም፤ ሕግ ነው። ሃያ ሊትር በሚይዝ ባልዲ ከድራሙ እየቀዳ በሩ ድረስ የሚያደርስላት ሌላ ሰው ነው፤ በቀን አራት ባልዲ። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ከኩሽና ጽዳት ተዛውሬ ባልዲ ማመላለስ ከጀመርኩ አሥር ቀኔ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ልብስ አጣቢያችን ሃዲል ታመመች። ሃያ ዓመት ያልሞላት፣ ስታጥብ የምታንጎራጉር ልጅ፣ በአንድ ሌሊት ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ቆዳዋ ተሸብሽቦ፣ እኛው ባጠብነው አልጋ ላይ ተኛች። ዶክተሯ ደነገጠች። ሠራተኛ እዚሁ ታሞ ከሆነስ ብላ፣ ሥራ ሊያልቅ ሲል የክሎሪን መለኪያ ወረቀቷን ይዛ ወደ ድራሙ ሄደች። ዜሮ ነጥብ ሁለት። ደግማ ለካች፤ ያው ዜሮ ነጥብ ሁለት።

በማግስቱ ማለዳ፣ ገና ሳይበጠበጥ፣ ኢሳም አበዛሽን ወደ ቢሮው ጠራት። እኔንም ጠራኝ፤ «ያ ኻላ፣ ነይ አስተርጉሚ» ብሎ። አክስት ይለኛል፣ አፉ ይርገፍ። ዶክተሯ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ የአበዛሽ ቢጣቃ ተቀምጧል፤ ፎቶዋ ያለበት የሥራ ካርዷ። ያቺ ካርድ ለእኛ ለአገሬው ሰዎች ተራ ፕላስቲክ ናት። ለአበዛሽ ግን በዚህ አገር ያላት ወረቀት እሷ ብቻ ናት። ከመንሱራ አሽ-ሸዕብ ሲመጣ ኑቅጣ አለ፤ ወታደሮች ደባብ የምንለውን ሚኒባስ አስቁመው ሐበሻ እየለዩ የሚያወርዱበት ኬላ ነው። ካርድ ያለው ያልፋል፤ የሌለውን በጭነት መኪና ጭነው የት እንደሚያደርሱት አላህ ያውቃል። ከሖሻችን ሁለት ልጆች እንደዚያ ሄደው ቀርተዋል።

ኢሳም ስልኩ ላይ እያሰላ ተናገረ። «ድራሙ ውስጥ መኖር ያለበት ዜሮ ነጥብ አምስት ነው፤ የተገኘው ዜሮ ነጥብ ሁለት። ስልሳ በመቶው የለም። በቀን ሰባት መቶ አሥራ አራት ግራም ዱቄት እሰጣታለሁ፤ የዚያ ስልሳ በመቶ አራት መቶ ሃያ ስምንት ግራም ነው። ይህን በየቀኑ እየሰረቀች ለውሃ ቦቴ ሰዎች ትሸጣለች። ሃዲልን የጣለቻት እሷ ናት። ንገሪያት።»

ነገርኳት። ይህች ሴት ሳሙና ወድቆ ብታገኝ ባለቤቱን ስትፈልግ የምትውል ሴት ናት! ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን እሳት ጎርሳ ተነሣች።

«ስልሳ በመቶው የምኑ ነው በይው» አለችኝ። ለወትሮው አንቱ ነው የምትለኝ፤ ያን ቀን በንዴቷ አንቺ አለችኝ፣ ከዚያ ወዲህም አልመለሰችውም። «ከድራሙ ነው የጎደለው ወይስ ከዱቄቱ? ከድራሙ የጎደለ ሁሉ ከዱቄቱ ተሰርቋል ማለት አይደለም። ዶክተሯን ደግሞ ጠይቂልኝ፤ ስትለካ ውሃው እስከ የት ነበር?»

ዶክተራ ኢብቲሳም አሰበች። «ሙሉ ነበር። እስከ አፉ። እጄን ሳስገባ ፈስሶ ጫማዬን አርሶታል» አለች።

አበዛሽ ትርጉሙን አልጠበቀችም፤ ገብቷታል። «ማለዳ መቶ ሊትር ሞላሁ። አራት ባልዲ ወጣ፤ ሰማንያ ሊትር። ሃያ ሊትር መቅረት ሲገባው፣ ድራሙ እንዴት ሙሉ ሆኖ ተገኘ? በያቸው» አለችኝ።

ድራሙን የምሞላው እኔ ነበርኩ።

ምን ልበላችሁ! አንድ ባልዲ ቀድቼ በሩ ላይ አድርሼ ስመለስ፣ የጓሮው ጎማ ውሃ እየፈሰሰ ነው፣ ድራሙ ጎድሏል። እጄ ራሱ ሄዶ ጎማውን ያነሣል። ሃምሳ ዓመት የኖርኩበት ነው፤ ጎዶሎ ድራም ትቶ መሄድ አይሆንልኝም። እስከ አፉ ሞልቼ፣ ቢስሚላህ ብዬ እሄዳለሁ። አበዛሽ እግሯን ያማታል፣ ላግዛት ብዬም ነው። ወላሂ አጅር አገኝበታለሁ፣ እጸድቅበታለሁ ብዬ ነበር! ውሃው ያው ነጭ ነው፣ ያው ይሸታል። ክሎሪኑ እንደሚሳሳ አንድም ቀን አልታየኝም። አልጀብራ የተማርኩት እኔ!

እንደምንም አስተረጎምኩ። አበዛሽ ከጥግ ካርቶን አነሣች፣ ከዶክተሯ እስክሪብቶ ተቀበለችና እየጻፈች አንድ በአንድ ተናገረች፤ እኔም በገዛ አፌ እያስከተልኩ ወደ አረብኛ መለስኩ።

«ማለዳ ድራሙ ውስጥ አምስት መቶ ግራም ክሎሪን አለ። አንድ ባልዲ ስንቀዳ ከመቶው ሊትር ሃያ በመቶው ይወጣል፤ ክሎሪኑም ሃያ በመቶው አብሮ ይወጣል፤ መቶ ግራም። አራት መቶ ይቀራል። በቦታው ባዶ ውሃ ከተጨመረ፣ ውሃው እንደገና መቶ ሊትር ይሆናል፤ ክሎሪኑ ግን ያው አራት መቶ ነው።»

ሁለተኛው ባልዲ ላይ ሳትደርስ እኔ ደርሼ ነበር። በልቤ ሰማንያ አልኩ፤ ሦስት መቶ ሃያ አልኩ።

ኢሳም ግን ዘሎ ገባ። «ውሸት! በየባልዲው ሃያ በመቶ ከሆነ፣ አራት ጊዜ ሃያ ሰማንያ ነው። የጎደለው ስልሳ ነው። ሒሳቧ አልገጠመም!»

«የምኑ ሃያ?» ብላ ጮኸች፤ ጠረጴዛውን መታችው። «ሃያ በመቶ ነው ያልኩት፤ ግን የምኑ? ሁለተኛው ባልዲ የሚወስደው የአምስት መቶውን ሃያ በመቶ አይደለም፤ የቀረውን የአራት መቶውን ነው። ሰማንያ! ሦስት መቶ ሃያ ቀረ። ሦስተኛው የዚያን ሃያ በመቶ ይወስዳል፤ ስልሳ አራት። ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ቀረ። አራተኛው ሃምሳ አንድ ይወስዳል። የቀረው ሁለት መቶ አምስት ግራም በመቶ ሊትር ውሃ። ስንት በመቶ ነው? ዜሮ ነጥብ ሁለት! የዶክተሯ ወረቀት ያለው ይህንኑ አይደለም? ማንም ምንም አልሰረቀም። በየባልዲው ድራሙን ውሃ የሞላ ሰው አለ።»

ዶክተሯ ካርቶኑን ተቀብላ አየችው። ራሷን ነቀነቀች፤ ገብቷታል። ግን አንድ ቃል አልተናገረችም፤ የተማረች ሴት አፏን በጨርቅ የያዘች ይመስል ዝም! ኢሳም በወንበሩ ተደግፎ ፈገግ አለ።

«እሺ። ማነው የሞላው? ጠይቂያት።»

ጠየቅኳት። በአማርኛ፣ ቃል በቃል፣ «ማነው የሞላው ይላል» አልኳት። አበዛሽ የድራምን ሕግ የተማረችው ከእኔ ነው፤ ሰድቤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ባልዲውን የማመላልሰውም እኔ ብቻ ነኝ። ማን እንደሆነ ሳታውቀው ትቀራለች? ግን አላየችኝም። ዓይኗን ካርቶኑ ላይ አድርጋ ቆየች።

«ኤክስ ነው በይው» አለችኝ ቀስ ብላ። «ስሙን ያልነገረን ሰው።»

አያችሁ? ጊዜ ሰጠችኝ። ራሴ እንድናገር በሩን ከፍታ ቆመች። እኔስ ምን አደረግሁ? አረቦቹ ኤክስን ሲን ይሉታል፤ «ሲን ነው ትላለች» ብዬ አስተረጎምኩ። ደመወዜ ታየኝ፤ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ታየኝ፤ ከአልጋ ያልተነሣችው ሃዲል ታየችኝ። ዝም አይነቅዝም ትል ነበር እናቴ። ይነቅዛል! እዚያው አፌ ውስጥ ሲነቅዝ ተሰምቶኛል።

ኢሳም ሳቀ። «ሲን! መንፈስ ነዋ ድራሙን የሚሞላው!» ብሎ መሳቢያውን ከፈተ። መቀስ አወጣ። ካርዱን አነሣ፣ ፎቶዋን መሃል ለመሃል ቆረጠው። ድምፁ ትንሽ ነበር። ሁለቱ ቁራጮች መሬት ላይ ወደቁ።

ያኔ ነው አፌ የተከፈተው፤ ያኔ! «እኔ ነኝ! ሲን እኔ ነኝ! ድራሙን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ በየባልዲው፤ አሥር ቀን ሙሉ!»

ኢሳም ዓይኑን አፈጠጠ። በፖሊስ ያስፈራራኛል፣ ያባርረኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ እቴ! «ያ ኻላ፣ መዓለሽ» አለኝ። ምንም አይደል አለኝ! «ትልቅ ሰው ነሽ፣ አላወቅሽም። የአገር ልጅ ነሽ። ሁለተኛ አትሙዪ፣ ኸላስ፣ አለቀ።»

ደሜ ግንባሬ ላይ ወጣ። እሷ ስትሆን ስርቆት፣ እኔ ስሆን መዓለሽ? ለእሷ መቀስ፣ ለእኔ ኻላ? ያለ የሌለ ስድቤን አወረድኩበት፤ በአረብኛ ጀምሬ በአማርኛ ጨረስኩት። አበዛሽ ክንዴን ያዘችኝ። «ይህን ብቻ አስተርጉሚልኝ። ለባልዲ አመላላሾች ድራሙ ላይ ውሃ አይጨመርም ብለህ የነገርካቸው መቼ ነው በይው።» አስተረጎምኩ። ይህን ግን አፌን ሞልቼ ነው ያስተረጎምኩት። ኢሳም ቁልፉን ማቅጨልጨል ጀመረ። ነግሮን አያውቅማ።

ዶክተሯ በመጨረሻ ተነሥታ ከመዝገቡ ላይ ስርቆት የሚለውን ቃል ሰረዘች፤ ፊርማዋንም አኖረችበት። ሃዲልንም በሽታው እዚህ ይያዛት ከቤቷ ታምጣው አይታወቅም አለች፤ ደግሞ ዛሬ ተሽሏት ሾርባ ጠጥታለች አለች። አልሐምዱሊላህ። ካርዱን ግን ማን ይቀጥለው? አዲስ እስኪመጣ ወር ይፈጃል አለ ኢሳም፤ እስከዚያ ትረፍ። ትረፍ! አበዛሽ ጎንበስ ብላ ሁለቱን ቁራጮች ለቀመች፤ ግማሽ ፊቷን በአንድ እጇ፣ ግማሹን በሌላው ይዛ ወጣች።

ደባብ መሳፈር አይታሰብም፤ ኑቅጣው ላይ ትወርዳለች። በአሸዋው በኩል፣ ከመንገዱ ርቀን በእግር ሄድን። ካርዴ ኪሴ ውስጥ አለ፤ እኔ ተሳፍሬ መሄድ እችል ነበር፣ ግን በምን ዓይኔ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እሷ እያነከሰች ከፊት፣ እኔ እያለከለክሁ ከኋላ። መንገዱን ሁሉ ስሳደብ ሄድኩ፤ ኢሳምን፣ ዝም ያለችውን ዶክተር፣ ወታደሮቹን፣ ሰሌዳ ያነደዱትን ሳይቀር። የማወርደው ስድብ ሲያልቅብኝ፣ የቀረው ያው አንዱ ነበር።

«አበዛሽዬ፣ እኔም አለሁበት» አልኳት። «ግማሹ ጥፋት የእኔ ነው።»

ቆመች። ዞር አለች። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየችኝ።

«የምኑ ግማሽ?»

«የ... የድራሙ...»

«ድራሙን ተይው። እሱን አላወቅሽም፤ እኔም ብሆን እሞላው ነበር፣ አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ። እሱን አልቆጥርብሽም። መቀሱን ከማንሣቱ በፊት አውቀሽ ነበር ወይስ አላወቅሽም?»

መዋሸት እችል ነበር። «አውቄ ነበር» አልኳት።

«ስንተኛው ባልዲ ላይ?»

«ሁለተኛው ሳይደርስ።»

ራሷን ነቀነቀች፤ ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲመልስላት እንደምታደርገው። «ጎበዝ ነሽ» አለችኝ። «ኢሳም በስልኩ አራተኛውም ላይ አልደረሰበትም። ሦስተኛውን አለፍኩ፣ አራተኛውን አለፍኩ፣ ኤክስ ነው አልኩሽ። ይህን ሁሉ ጊዜ ቆሜ ጠበቅሁሽ እኮ እትዬ። እና ግማሽ አትበዪኝ።»

«ሙሉው ነው» አልኳት። «ሙሉው የእኔ ነው።»

ፊቷን መልሳ መንገዱን ቀጠለች። ሖሹ ስንገባ ቧንቧው መጥቶ ነበር፤ ከድራሙ አንድ ባልዲ ቀዳች፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ያበጠ እግሯን ታጠበች። ከዚያ ተነሥታ እያነከሰች የቀዳችውን ያህል መልሳ ሞላች፤ ባልዲውን በቦታው አስቀምጣ ገባችና በሯን ዘጋች።